ምኒልክ፣ የዝሆን ጥርስና የመንዝ ሣር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ዋናውን የደሴ መንገድ ትቶ ወደ ግራ ከታጠፈ መንዝ ይገባል። የድንጋይ ቤቶች፣ ባና የደረቡ እረኞች፣ ጠጉራቸው የበዛ በጎች፣ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ ይቀበሉታል። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲርቅ፣ መሐል ሜዳን አልፎ፣ ምድሩ በስተምሥራቅ ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ በገደል ከመውረዱ በፊት ጓሳ የሚባለውን የሣር ሀገር ያገኛል። ከፍታው ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማለዳ የጭላዳ መንጋ ካደረበት ገደል ወጥቶ ሣር ሲግጥ፣ በመሐሉ ቀይ ቀበሮ እየተንጎራደደ አይጥ ሲያድን ይታያል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀይ ቀበሮው ከመንጋው መሐል ሆኖ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ሕይወት ለመተረክ ከቀበሮና ከአይጥ መነሳታችን እንግዳ ቢመስል አይፍረዱብን። ስለ ዓድዋ፣ ስለ ስልኩና ስለ ባቡሩ፣ ስለ መጀመሪያው ሆቴልና ትምህርት ቤት ብዙ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገሪቱ አራዊት ጋር የነበራቸው ጉዳይ ግን ብዙም አልተወራለትም። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት አደንን ለመቆጣጠር የወጣው የመጀመሪያው ዘመናዊ ደንብ የእሳቸው ነው። የዘር ሐረጋቸው ደግሞ የሚመዘዘው ከዚሁ ከመንዝ ነው። እሳቸው ሳይወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የመንዝ ገበሬ ለጓሳው የራሱን ሕግ አውጥቶ ነበር። ሁለቱን ሕጎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት የሰውየውንም የሀገሪቱንም ታሪክ በሌላ መስኮት ያሳያል።

የሸዋ ነገሥታት አባት የሚባሉት አቤቶ ነጋሢ የመንዝ አጋንቻ ሰው ናቸው። የዘር ሐረጋቸውን ከአፄ ልብነ ድንግል ልጅ ከያዕቆብ ይመዝዛሉ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከመንዝ ተነስተው ግዛታቸውን አሰፉ፤ በኋላም ሹመታቸውን ለማጽናት ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት ሄደው እዚያው አረፉ። ልጅ ልጆቻቸው ከዚያ ብርዳም አምባ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየወረዱ ሐራምባን፣ ዶቃቂትን፣ አንኮበርን መቀመጫ አደረጉ። መንዝ ግን የአባት ርስትነቱ አልቀረም። አገሩም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር እየተባለ በሦስት አቅኚዎች ስም ሲጠራ ኖረ። ወረዳዎቹ ዛሬም እነዚህኑ ስሞች ይዘዋል።

ጓሳውን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች መሆናቸውን የአካባቢው ሰው ከአባት ከአያት ሲቀባበለው የመጣ ታሪክ ነው። ዘመኑም ያው 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የእነዚህ የሁለቱ ተወላጆች ጓሳውን በጋራ ያዙት፤ አልተከፋፈሉትም። የመሠረቱት አስተዳደር ቄሮ ይባላል፤ በቅርብ ዓመታት በፖለቲካው መድረክ ከምንሰማው ስም ጋር እንዳይምታታብን። ከየወገኑ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመረጣል። ተጠቃሚው በየአጥቢያው፣ በየታቦቱ ተከፍሎ ተራውንና ግዴታውን ያውቃል። ጓሳው ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። በእነዚያ ዓመታት ማጭድ አይገባበትም፣ ከብት አይሰማራበትም፣ ማገዶ አይለቀምበትም። ሣሩ ጎልምሶ ለክዳን ሲደርስና በጋው ሲጠና አለቃው ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ ይከፍተዋል። ሕዝቡ መጀመሪያ ሣሩን ያጭዳል፤ ከብቱና ማገዶ ለቃሚው ከዚያ በኋላ ይገባሉ። ክረምቱ ሲቃረብ መልሶ ይዘጋል።

ይህን ሣር የከተማ ሰው አቅልሎ ሊያየው ይችላል። ለመንዝ ሰው ግን ጣሪያው ነው፤ በሚገባ የተከደነ የጓሳ ቤት ለዓመታት አያፈስም። ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚደረበው ገሳ ይሠራበታል፣ መጥረጊያና ቅርጫት ይወጣዋል፣ ይተኛበታል፣ ገበያ ወጥቶም ይሸጣል። እህል በውርጭ በሚመታበትና ዝናብ በሚያጥርበት አገር የተዘጋ ጓሳ ማለት የክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው። ጥበቃው የጠነከረውም በዚህ ምክንያት ነው። በተዘጋው ጊዜ ገብቶ የተገኘ ሰው ይቀጣል፤ ሽማግሌዎች እንደሚያወሱት ቅጣቱ የአጥፊውን ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር።

አስቦና ጌራ ለቀይ ቀበሮ ብለው አልነበረም ጓሳውን የዘጉት። ለሣራቸው ብለው ነው። ሣሩ ሲያርፍ ግን አይጡ ይበዛል፣ አይጡ ሲበዛ ቀበሮው ይጠግባል፣ ጭላዳውም ግጦሹን አያጣም፣ ምንጩም አይደርቅም። አውሬው በማንም ሳይታሰብ በሣሩ ጥላ ሥር ኖረ። አሜሪካኖች የሎውስቶን የተባለውን የዓለም የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ የከለሉት እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ያኔ የመንዝ ቄሮ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም። ጓሳ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ከታወቁት ጥንታዊ የጥበቃ ሥፍራዎች አንዱ ተብሎ የሚጠቀሰው ያለ ነገር አይደለም።

ወደ ምኒልክ እንመለስ። ሣህለ ማርያም ተብለው ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው በቤተ መንግሥቱ አገልጋይ የነበሩት ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። አያታቸው ሸዋን ያበለጸጉ፣ ከባሕር ማዶ መንግሥታት ጋር ውል የተዋዋሉ ንጉሥ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ጋር የተፈራረሙት ውል ይታወቃል። ይህ ሐሪስ ዲፕሎማት ከመሆኑ በፊት በደቡባዊ አፍሪካ ባካሄደው የአደን ጉዞ ስም ያተረፈ፣ ስለዚሁም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። አንድ ትልቅ ጥቁር ድኩላ መሰል አውሬ ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀውም እሱ ነው። አዳኝ በንጉሥ ፊት የሚከበርበት ዘመን ነበርና ሸዋ መጥቶ ባዳ አልሆነም።

በዚያ ዘመን ዝሆን መግደል የጀግንነት ማዕረግ ነው። ዝሆን የጣለ ሰው ብዙ ጠላት እንደጣለ ይቆጠርለት ነበር፤ አርባ ሰው እንደገደለ ነው የሚሉም አሉ። አንበሳ ገዳይ በጎፈሩ ያጌጣል፤ ዝሆን ገዳይ በጆሮው ወርቅ ያንጠለጥላል። ፎካሪው የሚፎክረው፣ አዝማሪው የሚያወድሰው በዚሁ ነው። ልጅ ሣህለ ማርያም ያደጉት ይህን እየሰሙ ነው። አውሬ ማለት የክብር መለኪያ ነው፤ ጥርሱ ደግሞ የንጉሥ ሀብት።

ልጅነታቸው ግን አልረዘመም። አያታቸው በ1840 ዓ.ም. አረፉ። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ወሎን አልፈው ሸዋ ሲገቡ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ተይዘው መቅደላ ተወሰዱ። አሥር ዓመት ያህል ቴዎድሮስ ዘንድ እንደ ልጅም እንደ እስረኛም ሆነው አደጉ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ አልጣሽንም አገቡ። በ1857 ዓ.ም. ክረምት ከመቅደላ አምልጠው፣ በወሎዋ በወይዘሮ ወርቂቱ በኩል አልፈው ሸዋ ደረሱ። በሥፍራቸው የተቀመጡትን በዛብህን አሸንፈው የአባታቸውን አልጋ ያዙ። ዕድሜያቸው ገና 21 አልሞላም ነበር።

ወጣቱ ንጉሥ ገና ከመጀመሪያው የተረዱት ነገር የጠመንጃን ጉዳይ ነው። ቴዎድሮስ ሲነሱም ሲወድቁም አይተዋል፤ በሰሜን ዮሐንስ እየበረቱ ነው። በ1870 ዓ.ም. በልቼ ለዮሐንስ ሲገብሩም ጊዜ መግዛታቸው ነበር። ጠመንጃ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው ደግሞ አውሮፓ በሚፈልገው ዕቃ ነው። ያም ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ነበር። ለፒያኖ ቁልፍና ለቢሊያርድ ኳስ፣ ለማበጠሪያና ለቢላዋ እጀታ ጥርስ የሚፈልገው የአውሮፓና የአሜሪካ ገበያ አይጠግብም ነበር። የሸዋ ጦር ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘምት ከመሬቱና ከሕዝቡ ጋር የዝሆን አገርም እያገኘ ሄደ። የገበሩ ባላባቶች ግብር፣ ለምሳሌ የሌቃው ኩምሳ ሞረዳ ለቤተ መንግሥት የሚልኩት፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር። ከአንኮበርና ከእንጦጦ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የወረደው ቅፍለት ጥርስና ቡና ጭኖ ሄደ፤ ጥይትና ጠመንጃ ጭኖ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1887 ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ 2 ሺህ ገደማ ጠመንጃ ይዞ እንጦጦ የደረሰው በዚሁ ንግድ ነው። ንጉሡ በዋጋው አጥብቀው ስለተከራከሩት ትርፉ እንዳሰበው አልሆነለትም።

እዚህ ላይ ማለፍ የማይገባን አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ ገጸ በረከት ላኩ። ከስጦታው አንዱ የሜዳ አህያ ነበር። እንስሳው ፓሪስ ደርሶ ብዙ አልቆየም፤ ሞተ። የፈረንሳይ ሊቃውንት ሲመረምሩት ግን መስመሩ ቀጭንና የተጠጋጋ፣ ጆሮው ሰፊ፣ እስከዚያ ከሚያውቁት ሁሉ የተለየ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1882 በፕሬዚዳንቱ ስም የግሬቪ የሜዳ አህያ ብለው መዘገቡት። ዓለም ይህን እንስሳ የሚያውቀው እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ነው፤ ለመላኩ ምክንያት የሆኑት ንጉሥ ስም ግን በመዝገቡ የለም።

ቀጥሎ ክፉ ቀን መጣ። ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የተዛመተው የከብት በሽታ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የሀገሪቱን ከብት ጨረሰ፤ ከመቶ ዘጠናው አለቀ ይባላል። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፣ ድርቅና አንበጣ ተጨመረ፣ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። በሽታው ጎሽንና ሌላውንም ሰኮና ያለው የዱር እንስሳ የሚያጠቃ ነው፤ በመላው የአፍሪካ ምሥራቅ ጎሽን ያረገፈው እሱ ነበር። የተራቡ ጅቦችና አንበሶች የደከመ ሰው እየበሉ መንደር ገቡ። በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት በእንጦጦ ማርያም የተቀቡት አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዘውዳቸውን የደፉት በዚህ መሐል ነው። ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ መሆናቸው ከዚያ ዘመን ትዝታዎች ዋነኛው ነው። የሰውና የአውሬ ዕጣ እንዴት የተያያዘ እንደሆነ የዚያን ዘመን ያህል በግልጽ የታየበት ጊዜ መኖሩን እንጃ።

ዓድዋ የሁላችንም ነው፤ ስለ ድሉ እዚህ አንደግምም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተተኮሰው ጥይት በምን ተገዛ ብሎ የሚጠይቅ ግን ከመልሶቹ አንዱን በዝሆን ጥርስ ጭነቶች ውስጥ ያገኘዋል። ነጻነታችን የከፈለው ዋጋ ውስጥ የዝሆን መንጋም አለበት። ይህን ማለት ምኒልክን መክሰስ አይደለም። ወራሪ በር ላይ ቆሞ ዝሆን ይሙት አይሙት የሚል ንጉሥ አይጠበቅም። ሆኖም ሒሳቡ ሒሳብ ነው። ጠመንጃው በበዛ ቁጥር አዳኙም በረታ። በጦርና በፈረስ ዝሆን መጣል የሞት ሽረት ትግል ነበር፤ በአዲሱ ጠመንጃ ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሆነ። ዝሆኑ ወደ ቆላውና ወደ ጠረፉ ሸሸ። የዛሬ አንባቢ ዝሆን ማየት ቢፈልግ ባቢሌ፣ ኦሞ ወይም ጋምቤላ ድረስ መሄድ አለበት።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ማየታቸው አልቀረም። ምኒልክ ከሌሎቹ ነገሥታት የሚለዩበት አንድ ጠባይ የሚጎድለውን ነገር ቶሎ ማየታቸው ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያለውን ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ጨርሳው ነበር። ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ የደረሱት በእንጨት እጦት ነው። መፍትሔው ባሕር ዛፍ ሆነ፤ ለተከለው ሰው የመሬቱ ግብር ይቀርለት ነበር። የመናገሻን ጫካ አስጠበቁ። በትውፊት እንደሚነገረው ይህ ጫካ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከዚያው ከሰሜን ሸዋ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር የተተከለ ነው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙም የእርሻ ሚኒስቴር ከተሰጡት ሥራዎች መሐል የደን ጥበቃ ይገኝበታል።

የአደኑ ደንብ የመጣው ከዚህ ቀጥሎ በ1901 ዓ.ም. ነው። ዓላማው አደንን፣ በተለይም የዝሆንን አደን በሥርዓት ማድረግ ነበር፤ እንዳሻው ተነስቶ ማደን ቀርቶ በመንግሥት ፈቃድ እንዲሆን። ጊዜውን ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ1900 የአፍሪካ ቅኝ ገዢዎች ለንደን ላይ ተሰብስበው የአፍሪካን አራዊት ለመጠበቅ የመጀመሪያውን ስምምነት ፈርመዋል፤ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1903 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የመጀመሪያውን የፌዴራል የአዕዋፍ መጠለያ ከለሉ። በዚያው ዓመት መልእክተኛቸው ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ውል ተዋውሎ ሲመለስ ምኒልክ ለፕሬዚዳንቱ የላኩት ስጦታ አንበሶችና የዝሆን ጥርስ ነበር። ሩዝቬልት አዳኝም ጠባቂም ነበሩና ስጦታው ለትክክለኛው ሰው ነው የደረሰው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1908 አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በደቡብ ምሥራቅ ተራሮች አንድ ትልቅ አጋዘን ገደለ። ሊቃውንት ሲያዩት አዲስ ሆነባቸው፤ የእኛው የደጋ አጋዘን ነው። ሀገሪቱ የመጀመሪያውን የአደን ደንብ ስታወጣ በኋላ በሳንቲሟ ላይ ያተመችውን ብርቅዬ እንስሳዋን ዓለም ገና መስማቱ ነበር።

ደንቡ ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ የተመሠረተበትን ሐሳብ ማየት ያስፈልጋል። ጥያቄው ማን ይግደል፣ ጥርሱስ ለማን ይግባ የሚል ነበር። አውሬው የሚኖርበት መሬት፣ ከአውሬው ጋር የሚኖረው ገበሬ አልተነሱም። ዝሆኑ የመንግሥት ግምጃ ቤት ንብረት ሆነ፤ ጎረቤቱ ግን ፈቃድ ጠያቂ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቤተ መንግሥት በጥቂት ቀን የበቅሎ መንገድ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ቅድመ አያቶች አገር፣ መሬቱን እያሳረፈ፣ ተራ እያስያዘ፣ አጥፊን እየቀጣ የሚኖር ሌላ ሕግ ነበር። ያ ሕግ ብራና ላይ አልሰፈረም፣ ማኅተም አላረፈበትም። የመንዝ ሰው የምኒልክ ወታደር ሆኖ የሀገሪቱን ዳር እስከ ዳር አዳርሷል፤ ቄሮው ግን ከጓሳው አልወጣም። የመጀመሪያው የአደን ደንብ ሲረቀቅ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጸሐፊ ወደ ጌራ ምድር ወጥቶ ሽማግሌዎቹን ቢጠይቅ ኖሮ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ፖሊሲ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብሎ መገመት፣ ግምት ቢሆንም፣ የሚያስቆጭ ግምት ነው።

ምኒልክ ደንቡን የሚያስፈጽሙበት ጊዜ አላገኙም። ሕመሙ ጀምሯቸው ነበር። ደጋግሞ የመታቸው በሽታ ቀስ በቀስ አካላቸውንም አንደበታቸውንም ያዘው። ሥልጣኑ በእቴጌ ጣይቱ፣ በመኳንንቱና በአልጋ ወራሹ በልጅ ኢያሱ መሐል ሲንገላታ እሳቸው አልጋ ላይ ነበሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ለረጅም ጊዜ በይፋ ሳይነገር ቆየ። አስከሬናቸው በኋላ ወደ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተዛውሮ ዛሬም እዚያ ይገኛል።

እሳቸው የጀመሩት መስመር ግን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የአራዊት ጥበቃ አዋጅም ዋና ጉዳዩ የአደን ፈቃድ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1963 ዩኔስኮ በእንግሊዛዊው ሊቅ በጁሊያን ሐክስሊ የተመራ ቡድን ላከ፤ በዓመቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1969 አዋሽና ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሆነው ታወጁ። ፓርክ ማለት በዚያን ጊዜ ድንበር ተሠምሮ፣ ዘብ ቆሞ፣ ነዋሪው የሚወጣበት ሥፍራ ማለት ነበር። ከረዩና አፋር አርብቶ አደሮች ከአዋሽ ግጦሻቸው፣ የሰሜን ገበሬዎች ከእርሻቸው ጋር ተፋጠጡ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ፓርኮቹ ላይ የደረሰው ዝርፊያና ውድመት የዚህ ቂም ውጤት መሆኑን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ጓሳስ? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ርስት ሲቀር የአስቦና የጌራ ተወላጅነት ትርጉም አጣ፣ ቄሮውም ፈረሰ። እዚህ ላይ ፍርዱ ቀላል አይደለም። ቄሮው ርስተኛ ያልሆነውን ከሣሩ ያገለለ ሥርዓት ነበር፤ ለሴቶችም ለመጤዎችም ለጋስ አልነበረም። አዋጁ ይህን አፈረሰ፤ በቦታው ግን የሚዘጋና የሚከፍት አላስቀመጠም። ጓሳው የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነ። ያለ ወቅቱ ታጨደ፣ ያለ ተራው ተጋጠ። ሣሩ ሲመናመን የጎዳው አይጡንና ቀበሮውን ብቻ አልነበረም፤ ክዳን ያጣው ባለ ጎጆም ነው።

ያዳነውም ያው ሰው ነው። በዙሪያው ያሉት የገበሬ ማኅበራት በየቀበሌያቸው ተመካክረው በቄሮው ምትክ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መዝጋቱንና መክፈቱን መልሰው ጀመሩ። የዘር ሐረግ ቀርቶ ነዋሪነት መሥፈርት ሆነ። ከጊዜ በኋላ ተመራማሪዎችና የጥበቃ ድርጅቶች መጡ፤ የአማራ ክልልም ቦታውን የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ አድርጎ ዕውቅና ሰጠው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የአካባቢው ማኅበረሰብ በጥበቃው ድርሻ የሚያገኝበትን በር ከፍቷል። ከአደን ፈቃድ ወደ መሬቱና ወደ ነዋሪው ለመድረስ ከምኒልክ ደንብ ወዲህ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል ማለት ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። ከእነዚህ ጥቂቱ የሚኖሩት በመንዝ ሣር ውስጥ ነው። የግሬቪ የሜዳ አህያም በኢትዮጵያና በኬንያ ጥቂት ሺህ ብቻ ቀርቷል። በአፋር ወገን ከተረፉለት ሥፍራዎች አንዱ አላይደጌ ነው፤ ከአዋሽ ባሻገር ያለ ሜዳ፣ ከመንዝ ገደል ሥር ከሚጀምረው ከዚያው ቆላ።